ሦስት ጊዜ ያየነው የእሽቅድድም ፊልም

ሞተር መንዳት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ኩርባ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያስፈራኝ ነበር። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ምንም አልልም። መታጠፊያ ሲመጣ ትከሻዬ ይደርቃል፣ እጄ መሪውን አንቆ ይይዛል፣ ኩርባው መሐል ስደርስ ደንግጬ ጋዙን እለቃለሁ።

ከስድስት ሳምንት በፊት አብረን የምንነዳ ሰባት ሰዎች ተሰብስበን ስለ አይል ኦፍ ማን ውድድር የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አየን። ያን ቀን የተገናኘነው ለመዝናናት ብቻ ነበር። በኋላ ግን ሁለት ጊዜ ደግመን አየነው። በየመሐሉም ባዶ ሜዳ እየወጣን ተለማመድን። በነዚህ ሳምንታት ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። እንደኔ ኩርባ የሚያስጨንቀው ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ውድድሩን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። አይል ኦፍ ማን በብሪታኒያና በአየርላንድ መካከል ያለች ደሴት ናት። ቲቲ የሚባለው የሞተር ውድድር እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። አሁን የሚነዳበት የተራራ መስመር ደግሞ ከ1911 ጀምሮ አለ (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አንዱ ዙር ወደ 60.7 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከ200 በላይ ኩርባ አለበት። መንገዱ ለውድድር ተብሎ የተሠራ አይደለም። በሌላው ቀን ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበት ተራ አስፋልት ነው። ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር፣ የቤት ግድግዳና የመብራት ምሰሶ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በ10 ሰከንድ ልዩነት አንድ በአንድ ስለሚለቀቁ ትግላቸው ከሰዓት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ፒተር ሂክማን አንዱን ዙር በ16 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ጨርሶታል። በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ይሄ እንግዲህ አማካዩ ነው፤ በዝግታ የሚዞሩበት ጠባብ መታጠፊያ ሁሉ ተደምሮ።

የመጀመሪያውን ቀን በጩኸት አሳለፍነው። ብሬይ ሂል የሚባለውን ቁልቁለት ሲወርዱ ሁላችንም ተነስተን ቆምን። ባላፍ ድልድይ ላይ ሁለቱም ጎማ ከመሬት ሲነሳ ቤቱ በሆታ ተሞላ። ፊልሙ አልቆ ወደየቤታችን ስንሄድ ሁለታችን ከወትሮው በላይ ፍጥነት ጨመርን። አንዱ እኔ ነበርኩ። የምናውቀውን ኩርባ በማይሆን ፍጥነት ገባሁበት፤ ሰፍቶብኝ መሐል መስመሩን ነካሁ። ከፊት ለፊት መኪና አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር።

ከመሐላችን በዕድሜም በልምድም የሚበልጡን አንድ ሰው አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ከኋላ ሆነው አይተውኛል። በማግስቱ ደወሉልኝ። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ትናንት ሞተሮቹን ነው ያየኸው። ሰዎቹን አላየሃቸውም» አሉኝ። ቀጥለውም «እሁድ ተሰብሰቡና ድምፁን አጥፍተን እንየው» አሉ።

ሁለተኛው እይታ ከመጀመሪያው ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ሙዚቃው የለም፣ የሞተሩ ጩኸት የለም፣ ተራኪው የለም። ጋሼ ሥራ አከፋፈሉን። አንዱ የነጂውን ሄልሜት ብቻ ያያል። አንዱ ጉልበትና ክርን ያያል። ሌላው ፊት ጎማው መንገዱ ላይ የሚሄድበትን መስመር ይከታተላል። የተለየ ነገር ያየ ሰው «አቁም» ይላል፤ ወደኋላ መልሰን ደግመን እናያለን። የአንድ ሰዓት ከግማሽ ፊልም አራት ሰዓት ፈጀብን።

እኔ የደረሰኝ ሄልሜቱ ነበር። እስካሁን የማስበው ሰውየው ሞተሩን ካጋደለ በኋላ ወደሚሄድበት ይዞራል ብዬ ነው። ተገላቢጦሽ ነው! ሞተሩ ገና ቀጥ ብሎ ሳለ ጭንቅላቱ ዞሯል። አገጩ ወደ ኩርባው መውጫ ዞሮ ዓይኑ እዚያ ደርሷል፤ ሞተሩ ቆይቶ ይከተለዋል። አንድ ጊዜ ካየሁት በኋላ በሁሉም ነጂ ላይ ታየኝ። ከመካከላችን አንዷ ስልኳን አውጥታ አሰላችው። በሰዓት 219 ኪሎ ሜትር ማለት በአንድ ሰከንድ 61 ሜትር ገደማ ነው። 20 ሜትር ፊት ለፊትህን የምታይ ከሆነ፣ ያየኸውን ነገር አእምሮህ ሳይረዳው አልፈኸዋል። እነዚህ ሰዎች መንገዱን በቃላቸው የሚያጠኑት ለዚህ ነው። በቪዲዮ ያዩታል፣ በመኪና ይዞሩታል፤ አዲስ ገቢዎችንም ልምድ ያለው ነጂ ከፊት ሆኖ በተወሰነ ፍጥነት ያዞራቸዋል።

በኛ ፍጥነትም ሒሳቡ ይሠራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስንሄድ በሰከንድ ወደ 14 ሜትር እንሄዳለን። እኔ ኩርባ ስገባ የማየው ፊት ጎማዬ ሥር ያለውን አስፋልት ነበር። የሚያስፈራኝም እሱ ነው፤ ሁሉ ነገር በድንገት የሚመጣ ይመስለኛል። ሌላም አደጋ አለው። ሞተር ዓይን ወዳለበት ይሄዳል። ጉድጓዱን ትኩር ብለህ ካየኸው ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለህ። ጠርዙን ካየህ ወደ ጠርዙ ትሄዳለህ። ያን ዕለት መሐል መስመሩን የነካሁት እሱን ስለፈራሁና እሱን ስላየሁ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልምምዴ በሙሉ የዓይን ነበር። ሜዳ ላይ ኮን (ሾጣጣ የትራፊክ ምልክት) ደርድረን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄድን እንዞራለን። ደንቡ አንድ ነው፤ አጠገብህ ያለውን ኮን ማየት ክልክል ነው። የሚቀጥለውን እያየህ ትሄዳለህ። ቀላል ይመስላል፤ ግን አንገት እንቢ ይላል። የመጀመሪያውን ቀን ከአስር ዙር ሰባቱን ወደታች አይቻለሁ። ጋሼ ዳር ቆመው በጣታቸው መውጫውን ይጠቁሙኛል፤ እኔ ደግሞ ጣታቸውን እየፈለግሁ ራሴን አዞራለሁ። በሦስተኛው ቀን ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ትከሻዬ በራሱ ጊዜ ላላ። ሩቅ ሳይ እጄ መሪውን ማነቁን አቆመ።

ስለ መሪ ካነሳሁ እዚህ ላይ ትልቅ ክርክር ነበረን። ግማሾቻችን ሞተር የሚታጠፈው ሰውነት በማጋደል ነው እንል ነበር። ጋሼ ደግሞ «ወደ ግራ ለመሄድ የግራውን እጅ ወደፊት ግፉት» ይላሉ። ተቃራኒ መሰለን። ሜዳው ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብዬ እየሄድኩ የግራውን እጀታ በቀስታ ወደፊት ገፋሁት። ሞተሩ ወዲያው ወደ ግራ ተጋደለ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ የግራው ሲገፋ ፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ይዞርና ከሞተሩ ሥር ወደ ቀኝ ይወጣል። ከላይ ያለው ክብደት ወደ ግራ ይወድቃል፤ ከዚያ ጎማው ራሱ ወደ ግራ ይከተላል። ብስክሌት የነዳ ሰው ሁሉ ይሄን ሳያውቀው ያደርገዋል። አውሮፕላን የሠሩት የራይት ወንድማማቾች ብስክሌት ሠሪዎች እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ዊልበር ራይት ብዙ ብስክሌተኞችን ወደ ግራ እንዴት እንደሚታጠፉ ጠይቆ፣ መጀመሪያ ሲጠየቅ በትክክል የመለሰለት አንድም ሰው እንዳላገኘ ተናግሯል። ፊልሙ ላይ ክርን እንዲያይ የተመደበው ጓደኛችንም ይሄንኑ ነበር ያስተዋለው። ነጂው ከአንዱ ኩርባ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ሰውነቱ ብዙም አይወዛወዝም፤ ክንዱ ግን ገፋ ያደርጋል። ጉልበቱ ታንኩን አጥብቆ ይይዛል፤ ስለዚህ እጁ ነፃ ነው። እኔ የማደርገው የዚህ ግልባጭ ነበር። እግሬ ልል፣ እጄ ድርቅ።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት የፍሬን ነበር። ስለ ፍሬን ረጅም አልጽፍም፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደፊት ስለሚሄድ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ነው። ግን ክብደቱ ሳይመጣ በአንዴ ከጨበጥከው ጎማው ይቆለፋል። ቀስ ብሎ መጀመር፣ ከዚያ እየጨመሩ መጭመቅ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ ለመቆም መጀመሪያ ቀን 24 እርምጃ ፈጅቶብኛል። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ 18 ደረስኩ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል የሚለውን በንባብ አውቀው ነበር። ሜዳው ላይ ከ25 ከዚያ ከ50 ሆኜ በእግሬ ስለካው ግን ሌላ ነገር ነው። ፊት ጎማውን የተከታተለችው ጓደኛችን ያስተዋለችው ነገርም እዚህ ጋ ገባኝ። ነጂዎቹ ጠባብ መታጠፊያ ሲደርሱ ከባዱን ፍሬን ቀጥ ብለው ሳለ ይጨርሱታል። ከዚያ ይዞራሉ፣ መውጫው ሲታይ ጋዝ ይሰጣሉ። እኔ መሐል ላይ የምደነግጠው ቀደም ብዬ ስላልቀነስኩ ነበር።

ሦስተኛውን እይታ ድምፁን ከፍተን አየነው። ከባድ ነበር። በዚያ መስመር ላይ ከ1911 ወዲህ ከ260 በላይ ነጂዎች ሞተዋል። በ1972 ጂልቤርቶ ፓርሎቲ የሚባል ነጂ እዚያ ከሞተ በኋላ ያኔ ገናናው የነበረው ጃኮሞ አጎስቲኒ ከዚህ ወዲያ እዚያ አልወዳደርም አለ። ከ1976 በኋላ ውድድሩ ከዓለም ሻምፒዮና ወጣ። የደንሎፕ ቤተሰብ ነገር ደግሞ ልብ ይሰብራል። ጆይ ደንሎፕ 26 ጊዜ ቲቲን አሸንፎ በ2000 ኢስቶኒያ ውስጥ በሌላ ውድድር ሞተ። ወንድሙ ሮበርት በ2008 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ለውድድር ሲለማመድ ሞተ። የሮበርት ልጅ ማይክል ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው መድረክ ወጥቶ አሸነፈ። የማይክል ወንድም ዊሊያምም በ2018 በልምምድ ላይ አለፈ። ማይክል በ2024 የአጎቱን የ26 ድል ክብረ ወሰን አልፏል።

ስለነሱ ስናወራ ከመካከላችን አንዱ ተነስቶ ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮት የሚነዳ ጓደኛውን በአደጋ አጥቷል። ፊልሙን አቆምን። ሲመለስ ስለ ጓደኛው ለመጀመሪያ ጊዜ አወራን። በምን እንደሚስቅ፣ ሞተሩን እንዴት እንደሚወድ ነገረን። ያን ቀን ወደ ፊልሙ አልተመለስንም፤ የቀረውን በሌላ ቀን ጨረስነው።

ጋሼ ያን ምሽት የተናገሩት ከጭንቅላቴ አልወጣም። እነዚህ ሰዎች ሲነዱ መንገዱ ዝግ ነው። ከፊት የሚመጣ መኪና የለም። በየቦታው ባንዲራ የያዘ አስተባባሪ ቆሟል። ቀጣዩን ኩርባ በቃላቸው ያውቁታል። እንዲያም ሆኖ ይሞታሉ። እኛ የምንነዳው ክፍት መንገድ ላይ ነው፤ እግረኛ አለ፣ ልጅ አለ፣ ሳያይ የሚወጣ መኪና አለ። ግድግዳውና ምሰሶው ግን ከነሱ ጋር አንድ ነው። «ከእነሱ ፍጥነቱን ከወሰዳችሁ የማይሆነውን ወሰዳችሁ። ዓይናቸውን ውሰዱ» አሉ። እኔም ፊልሙን የማስታውሰው አሁን በዚህ ነው።

እንደኛ በቡድን ለማየት ካሰባችሁ ከልቤ የምመክረው ድምፁን አጥፍታችሁ የምታዩበት አንድ ቀን እንዲኖራችሁ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የሚያየውን አንድ ነገር ስጡት። ከፊልሙ በኋላ ደግሞ ወዲያው ሞተር ላይ አትውጡ። እኛ አሁን ከፊልም በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቁጭ ብለን እናወራለን፤ ደሙ እስኪበርድ።

የዛሬ ሳምንት ያንን መሐል መስመር የነካሁበትን ኩርባ በድጋሚ ነዳሁት። ቀጥ ብዬ ሳለሁ ቀነስኩ። ራሴን አዞርኩ። መውጫውን አየሁት፤ ዛፉ፣ ከዛፉ አጠገብ ያለው የመንገድ ምልክት ጭምር ታየኝ። ጋዙን አልለቀቅኩም። ስወጣ ከመስመሬ አንድ ክንድ እንኳን አልሰፋሁም። ጋሼ ከኋላዬ ጡሩምባ አሰሙ።

የቀኝ ኩርባ እንዲህ ሆኖልኛል። የግራው ግን ገና ነው። ወደ ግራ ስዞር ራሴ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ዓይኔም ወደታች ይመለሳል። እርጥብ መንገድ ላይም ገና አልሞከርኩትም። ቅዳሜ ጠዋት ኮኖቹን ይዤ ሜዳ እወጣለሁ፤ የግራ ዙር ብቻ።