ሐምሌ ላይ የቀለጠው አንበሳ

ይሄ የሆነው ለገጣፎ አንድ ቪላ ሳይት ላይ ነው። ያኔ ጂፕሰም ሠራተኛ ነበርኩ፣ ኮርኒስ ላይ አበባ ምናምን የምናወጣው፣ እና ፎርማኑ አንድ ቀን ጠራኝና "ጋሼ በሩ ላይ ሁለት አንበሳ ይፈልጋሉ፣ ትችላለህ?" አለኝ፣ ጋሼ የሚለው የቪላውን ባለቤት ነው። እችላለሁ አልኩ። ሠርቼ አላውቅም።

በሁለት ሳምንት አደረስኩት፣ በጂፕሰም። ቶሎ ይደርቃል፣ በመሮ ስትለው እንደ ሳሙና ይቆረጣል፣ ጎፈሩን ፀጉር በፀጉር ፈለፈልኩትና የውጭ ቀለም ሁለት ዙር ቀባሁት፣ ጋሼም አጠገቡ ፎቶ ተነሡ። ሰኔ ላይ ነው እንግዲህ። ጂፕሰም ውሃ እንደማይችል የማያውቅ ሠራተኛ የለም፣ እኔም አውቃለሁ፣ ቀለሙ ይከላከልልኛል ብዬ እኮ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጠዋት ስደርስ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። የቀኙ አንበሳ አፍንጫ የለውም። አገጩ ወርዶ ደረቱ ላይ ነጭ ለሃጭ ሠርቷል፣ ቀለሙ እንደ ፊኛ ተነፍቶ በጣት ስትጫነው ውስጡ እርጎ ነው። ጋሼ "በግ ነው እንዴ ያዘዝኩህ?" ብለው ግማሽ ሂሳቤን ቆረጡ። እሳቸው ላይ አልፈርድም።

እናቴ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ናት። ሳይት ላይ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ትምህርት ቤት እያለሁም አትክልት ትሸጣለች ነበር የምለው፣ ሸክላ ካልክ ቡዳ የሚለው ነገር ይከተልሃላ፣ የደረሰበት ያውቀዋል። ጭቃውን የማቦካላት ግን እኔ ነበርኩ።

ማታ ፎቶውን በስልኬ አሳየኋት፣ አልሳቀችም። "ውስጡስ?" አለች። ድፍን ነው አልኳት። "ድፍን ጀበና አይተህ ታውቃለህ?" ጭቃ ሲወፍር እርጥበቱ ውስጡ ይቀርና እሳት ላይ ይፈነዳል፣ ይሄን በልጅነቴ ስንቴ እንዳየሁት፣ ግን ሳይት ላይ ያለው እኔና ቤት ያለው እኔ ተገናኝተን አናውቅም።

እሁድ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አንበሳ ጋ ወሰድኳት፣ በ1948 ለንጉሡ 25ኛ ዓመት የንግሥ በዓል የቆመው፣ የሠራው ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ስንት ዘመን በታክሲ ሳልፍ አንድም ቀን ቆሜ አላየሁትም። እማዬ ዞራ ዞራ አየችውና "ይሄ ፀጉር አልቆጠረም፣ ክብደቱን ነው የሠራው" አለች። እኔ የፈለፈልኩትን ፀጉር ሁሉ አስታወስኩና አፈርኩ።

ከዛ ጋሼን ለምኜ የማቴሪያል ብቻ ይክፈሉኝ ብዬ እንደገና ጀመርኩ። እማዬ መጀመሪያ በጭቃ ትንሽዬ አንበሳ ሠራችልኝ፣ ክንድ አይሞላም፣ ዓይኑን በአውራ ጣቷ ሁለቴ ተጫነችው፣ በቃ ያያል። እሱን እያየሁ በፌሮ አጥንት አቆምኩ፣ ወንፊት ሽቦ አለበስኩት፣ ውስጡን ባዶ ትቼ ሲሚንቶና አሸዋውን በስሱ በስሱ ደራረብኩ፣ ሲያልቅ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ ሰባት ቀን ውሃ አጠጣሁት። ስድስተኛው ቀን ላይ ጋሼ "ልየው" ሲሉኝ አልገልጥም አልኩ፣ ያውም እኔ ለሁለት ሳምንት ሥራ ስቸኩል የነበርኩት።

ፎርማኑ ይሄን የት ተማርከው አለኝ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት አልኩት። "አሃ" አለና ሲሚንቶ ሊያስፈርም ሄደ፣ በቃ ይሄው ነው፣ ሃያ ምናምን ዓመት የደበቅኩት ነገር።

አሁን ኮርኒሱን ትቼ ሐውልት ብቻ ነው የምሠራው። እማዬ አንድ ቀን ለገጣፎ ወስጄ አሳየኋት፣ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየችና "ጆሮው የድመት ነው" አለች። አሁን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የሚታየኝ ጆሮው ብቻ ነው።