ለቅርብ ዘመድ ብቻ

ይቺን ነገር ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

ሥራዬ ከቴሌስኮፑ የሚመጡ ፎቶዎችን ማቀነባበር ነው። ማታ የሚያነሱት በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው።

ተራው የኤንጂሲ 1365 ነበር። ጥምዝ ጋላክሲ ነው፤ መሃሉ ላይ የከዋክብት ዘንግ ተጋድሟል፤ ከዘንጉ ጫፎች ሁለት ትልልቅ ክንዶች ይወጣሉ። እኔን ያጓጓኝ ክንዶቹ ላይ የተረጨው ሮዝ ነጠብጣብ ነው። ገና የተወለዱ ትኩስ ከዋክብት በዙሪያቸው ያለውን የሃይድሮጅን ጋዝ ሲያበሩት የሚታይ ነው። ጨረቃ ስለነበረች «በ3 ናኖሜትሩ ፊልተር ይነሳልኝ» ብዬ አዘዝኩ፤ የሃይድሮጅኑን ቀይ ብርሃን በ3 ናኖሜትር ስፋት ብቻ አሳልፎ ሌላውን ብርሃን የሚያስቀር ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ኔቡላ፣ ማለትም የጋዝ ደመና፣ በእሱ አንስተን ጉድ የሚያሰኝ ፎቶ ወጥቶልናላ።

ጠዋት ፋይሉን ስከፍት ዘንጉ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ነጠብጣቦቹ ግን ድራሻቸው የለም። አራት ሰዓት ሙሉ ተነስቶ!

ወዲያው ኢሜይል ጻፍኩ። የፊልተሩ መዘውር በትክክል አልዞረም፣ የማታ ተረኛው ጥንቃቄ ቢያደርጉ፣ ምናምን። ለአለቃችንም ግልባጭ አደረግኩ። ያቃጠለችኝ ግልባጯ ናት።

ጋሼ መልስ አልጻፉም። ከሰዓት መጥተው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሃይድሮጅኑ በስንት የሞገድ ርዝመት ላይ ነው የሚያበራው?»

«656.3 ናኖሜትር።» ይሄማ በእንቅልፍ ልቤም አይጠፋኝ።

«እዚሁ ሰፈር ከሆነ ልክ ነህ። ጋላክሲው ግን ቆሞ ይጠብቅሃል?»

አፌ ተያዘ። ጋላክሲው በሰከንድ 1,600 ኪሎሜትር ገደማ ከእኛ እየራቀ ነው። ብርሃኑ ወደ ቀይ ይንሸራተትና 660 አጠገብ ይደርሳል። የእኔ ፊልተር ደግሞ 658 ሳይሞላ በሩን ይዘጋል። ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተጉዞ የመጣ ብርሃን ደጅ ቆሞ ቀረ። ኔቡላው የገዛ ጋላክሲያችን ልጅ ስለሆነ ነው ያለ ችግር ያለፈው።

«ታዲያ ማታውኑ ለምን አልነገሩኝም?»

«ይነሳልኝ አልክ እንጂ ይነሳ ወይ መቼ አልክ?»

አለቃችን ስብሰባ ላይ «ከመክሰሳችን በፊት እንጠይቅ» አለ። ስሜን አልጠራም፤ ሁሉም ግን ወደ እኔ ዞረ። እሺ፣ ልክ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ እያወቁ ባዶ ፎቶ ማንሳትስ ምን ይባላል? እሱን ማንም አላነሳውም።

በኋላ ሰፋ ባለው በ12 ናኖሜትሩ ፊልተር ደገምነው። ነጠብጣቦቹ ክንዶቹን ሞልተው መጡ። የ3ቱ ፊልተር ካርቶን ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁ፤ በጋሼ የእጅ ጽሑፍ፦ «ለቅርብ ዘመድ ብቻ»።