ኮፍያው ላይ የነበሩት ነጠብጣቦች

በአንድ ማተሚያ ቤት የፕሩፍ (የሙከራ ሕትመት) ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ፣ ለሥዕል ተማሪዎች የተዘጋጀ መጽሐፍ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ከመውጣቱ በፊት ለመጨረሻ ፊርማ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። በአንደኛው ገጽ ፈረንሳዊው ጆርጅ ሴራ በ1884 እ.ኤ.አ. የሳለውና አሁን ለንደን በናሽናል ጋለሪ የሚገኘው «በአኒየር የሚታጠቡት» አለ። በሴን ወንዝ ዳር ሰዎች አረፍ ብለዋል፤ ከበስተጀርባ የፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች ይታያሉ፤ ውኃው ውስጥ የቆመ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ልጅ ደግሞ እጆቹን አፉ ላይ ገጥሞ ይጣራል። ከሥር የልጁ ምስል ለብቻው ጎልቶ ቀርቦ፣ መግለጫው «በኮፍያው ላይ ያሉትን ብርቱካናማና ሰማያዊ ነጠብጣቦች ተመልከቱ» ይላል። ኮፍያው ግን ትናንት እንደተቀባ የብረት በር ልሙጥ ነበር።

ምስል የሚያጸዳውን ወጣት አስጠራሁት። «ጋሼ፣ ከመጽሐፍ ላይ ስካን የተደረገ ስለሆነ የሕትመት ነጥብ መስሎኝ ነው ያጠፋሁት» አለኝ። አልፈረድኩበትም፤ የታተመ ምስል በጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው፤ ከታተመ ገጽ የተወሰደ ምስል እንደገና ሲታተም የቀድሞው ነጥብ ከአዲሱ ጋር ተደራርቦ ማዕበል የመሰለ ጥልፍልፍ ስለሚያወጣ፣ ማጽዳቱ ግዴታው ነው። ዋናውን መጽሐፍ አስመጥተን በማጉያ መነጽር ስናየው፣ የሕትመቱ ነጥቦች በእኩል ርቀት ተሰልፈዋል፤ የሠዓሊው ግን ከእነሱ እጅግ የገዘፉ፣ አቀማመጣቸውም ሥርዓት የሌለው ነው።

«ታዲያ ሣሩ በብሩሽ ምት የተሠራ ሆኖ ኮፍያው ላይ ለምን ነጠብጣብ መጣ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከእኔ ቁጣ ይልቅ ጠቃሚ ነበር። ሴራ ይህን ሥዕል በ24 ዓመቱ ሲሠራ የነጠብጣብ ዘዴውን ገና አልጀመረም ነበር፤ ዘዴውን ያዳበረው በ1886 ባጠናቀቀው በግራንድ ዣት ደሴት ሥዕሉ ላይ ሲሆን፣ ወደዚህኛው የተመለሰውና እዚህም እዚያም ነጠብጣብ የጨመረበት በ1887 ገደማ ነው። የመጽሐፉ ጽሑፍ ግን ሥዕሉ «ሙሉ በሙሉ በነጠብጣብ የተሳለ» ይል ነበር።

አርታኢዋ መጀመሪያ ላይ ስህተቱን የማተሚያ ቤቱ ብቻ አድርጋ ብትከራከርም፣ የሣሩን ምስል አጉልተን ስናሳያት ዐረፍተ ነገሩን ራሷ ሰረዘችው። ምስሉም ከሌላ ምንጭ በዲጂታል ፋይል ተተካ። ከዚያ ወዲህ የምስል ሥራ ማዘዣ ያለ መግለጫው ጽሑፍ ወደ ወጣቱ ክፍል አይላክም።