ለምለም የሚል ሲጠፋ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! 2018 የጤና፣ የጥጋብ፣ የተለያየም የሚገናኝበት ዓመት ይሁንላችሁ። መውሊድ ካለፈም ገና ሳምንት ቢሆነው ነውና፣ በዚያን ቀን ያላገኘኋችሁ ወገኖቼ እንኳን ለእሱም አደረሳችሁ።

መልእክቱን ጠዋት በቡና ሰዓት ልለቀው ነበር። ትናንት ማታ ጽፌ ጨርሼዋለሁ፤ ስለ አደይ አበባ፣ ስለ ተስፋ፣ ያው የየዓመቱ ወግ። ሰረዝኩት። አሁን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ደሴ ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖታል፣ የትናንቱ ችቦ አመድም ደጃችን ላይ እንዳለ ነው። ያሰረዘኝ ነገር ይሄ ነው፦ እናቴ ዛሬ ጠዋት አለቀሰች። ያስለቀሳት ደግሞ ትዝታ አይደለም፣ አምባሰልም አይደለም። አበባየሁሽ ነው።

እናቴ በዘፈን የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ይሄ በወሎ ሰው ላይ ሲታይ እንግዳ ነገር ነው። አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ የቀዬአችንን ስም ይዘዋል፤ ባቲ ያቺ የሰኞ ገበያዋ ባቲ ናት፣ አምባሰልም ከሐይቅ አልፈው የሚያገኙት አምባሰል። ትዝታን ራሱን «ወሎ» ብለው የሚጠሩት ሙዚቀኞችም አሉ። ስለዚህ ሰው አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን ሆድ ብሶት ሲያንጎራጉር የሚያለቅሰው በእኛ አገር ስም ነው እያልኩ የጎንደርና የጎጃም ጓደኞቼን አናድዳለሁ። እናንተም እንዳትቆጡኝ፣ በዓል ነው።

አንድ ክራር የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ። ባለፈው ክረምት እቤታችን መጥቶ እናቴ ቡና ስትቆላ ትዝታ ይመታ ነበር። መጀመሪያ በሙሉ ትዝታ መታው። እናቴ ማማሰያዋን እያዞረች ከጎረቤት ሴት ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ታወራለች። ቀጥሎ ያንኑ ዜማ ወደ ግማሽ ትዝታ አዞረው። የሠራው ሥራ ቢታይ ምንም ነው፤ ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውንና አምስተኛውን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ብቻ። ቃል አልተቀየረ፣ ጣት አልፈጠነ። ጎረቤታችን ወሬዋን አቋርጣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ አስጠጋች። እናቴ ግን ቡናውን አየችና «አረረብኝ በእናንተ ጣጣ» አለች። በቃ፣ ይሄው ነው የእሷ ነገር። ትዝታ የሚያስለቅሰው ማስለቀስ ሥራው ስለሆነ ነው፣ በሥራው የሚያስለቅስ ነገር ደግሞ እሷን አይይዛትም።

እኔ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ እወዳለሁ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ስሎቦዳ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች በሙዚቃ ውስጥ በትክክል የትኛው ቦታ ላይ ሲደርሱ እንባ እንደሚመጣባቸው ጠይቋል። ብዙ ጊዜ የተገኘው፣ ዜማው ማረፊያው ላይ ከመድረሱ በፊት ጎረቤቱ ድምፅ ላይ ተደግፎ የሚቆይበት ቦታ ነው። የጠየቃቸው ሰዎች በአብዛኛው ያነሱለት የፈረንጅ ሙዚቃ ነው፤ እኔ ግን ሳነበው በዓይኔ የመጣብኝ ማሲንቆ ነው። ያቺ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር፣ ጣት የሚያርፍበት ምልክት እንኳ የላትም። አዝማሪው ጣቱን አንሸራቶ ወደ ማረፊያው ሲቃረብ ትንሽ ያመነታል። ልድረስ አልድረስ ይላል። የሰሚው ሆድ የሚባባው እዚያች ማመንታት ላይ ነው።

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ለዚህ ሁሉ ትንታኔ ግድ አልነበረውም። (አባቴ ሙስሊም፣ እናቴ ክርስቲያን ናት። ለወሎ ሰው ይሄ ወሬ አይሆንም፣ ለሌሎቻችሁ ነው ያልኩት።) እሱን ለቅሶ ቤት እንኳ ሲያለቅስ ያየው የለም፤ ሌላውን «አብሽር» እያለ የሚያጽናና ሰው ነበር። በወዳጃ ሌሊት፣ ሰው ለዱዓ ተሰብስቦ በሚያድርበት፣ ግን ድቤው ተመትቶ መንዙማው ሲጀመር አገጩ ትንቀጠቀጥ ነበር። መንዙማ ማለት በዐረብኛው የተደረደረ፣ እንደ ዶቃ በክር የተሰካ ቃል ማለት ነው ብሎ የነገረኝም እሱ ነው። አውራጁ አንዱን ዶቃ ይሰካል፣ ተቀባዩ በአንድ ድምፅ ይመልሳል፣ እንዲህ እያለ እስኪነጋ። ልጅ ሆኜ «አባባ ታለቅሳለህ?» ስለው «የዕጣኑ ጭስ ነው» ይለኛል። ዕጣኑ ካለቀ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ ሄዶ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ይገባና «የመንገዱ አቧራ» ይላል። አንድ ጊዜ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ዓመትም እንዲሁ ብሏል።

እውነተኛዋ የእንባ ባለሙያ ግን የእናቴ እናት ነበረች፣ እምዬ። ከኩታበር ማዶ ባለው አገሯ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረች። ለቅሶ ቤት ሰዉ በጨዋታ ተይዞ ለቅሶው አልነሳ ሲል እሷን ያስጠሯታል። ሰተት ብላ አትገባም። መጀመሪያ ጓዳ ትዞራለች። ሟቹ በየትኛው ዋንጫ ይጠጣ ነበር? ዱላውን የት ነበር የሚያስደግፈው? ጥጃዋን ማን ብሎ ነበር የሚጠራት? ይህን ሁሉ በሹክሹክታ ጠይቃ ትወጣና ስለ ሞት አንድም ቃል ሳይወጣት ዱላውን ታነሳለች። ዱላውን ታናግረዋለች። ጌታህ ወዴት ሄደ፣ ዛሬ ማን ይዞህ ይውጣ ትለዋለች። ያን ጊዜ ያ ሲሳሳቅ የቆየ ቤት በአንዴ ይፈርሳል። «ሞት ትልቅ ነው፣ አፍ ያስይዛል፤ እንባው ያለው ዱላው ላይ ነው» ትል ነበር። ዛሬ ክሊፕ ላይ ዝናብ እያዘነቡና ሻማ እያበሩ አልቅሱ የሚሉንን ዘፈኖች ስሰማ እምዬ ትዝ ትለኛለች። ብታያቸው «ዱላው የታለ?» ማለቷ አይቀርም።

ይህቺ አገር የምታስለቅስ ሴት ለገዛ ልጇ ሙሾ ማውረድ አልቻለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም 1977 ነው። አዲስ አበባ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት ለማክበር ደምቃለች፣ ወሎ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፋል። እናቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ታላቋ ዐሥራ ሦስት። በዚያ መስከረም እንኳ አበባየሁሽ ብለው ወጥተዋል። አደይ አበባ የተገኘው ወንዝ ዳር ብቻ ነበር፣ እሱም አንገቱ የቀጠነ። ታላቋ ታወጣለች፣ እናቴ ለምለም ትላለች። ሌሎቹ ባልንጀሮቻቸው ለመሄድ አቅም አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ተቀባይዋ አንድ እሷ ብቻ ነበረች። አንዲት ሴት እፍኝ ሽንብራ ሰጠቻቸው። ያንን ሽንብራ እየቆጠሩ እንደተካፈሉት እናቴ ዛሬም ትነግረኛለች። ለእሷ አንድ ፍሬ በዝቶ ደርሷታል።

ኅዳር ላይ ሰፈራ መጣ። በዚያን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ 600,000 ያህል ሰው ተነሥቶ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተወስዷል፣ አብዛኛውም ወሎዬ ነበር። ታላቋ ከአጎታቸው ቤተሰብ ጋር ሄደች፤ እዚያ እንኳ በልታ ታድራለች ተብሎ። ወለጋ ደረሱ የሚል ወሬ መጣ። ከዓመታት በኋላ አጎትየው በወባ መሞታቸው በሰው በሰው ተሰማ። የእሷ ነገር ግን እንደዚያው ቀረ። ሞታለች ያለ የለም፣ አለች ያለም የለም።

ሞቱ ያልተረዳ ሰው ደግሞ ሙሾ አይወርድለትም። ማሟረት ይሆናል። እምዬ ለዚህ ነው ዕድሜዋን ሙሉ እንዝርት ይዛ ስትቀመጥ ብቻ፣ ሰው የሌለ ሲመስላት የምታንጎራጉረው። በዘመኑ ልጅ ነበርኩ፣ ከመደቡ ሥር ተኝቼ የሰማሁት ይሄን ነው፦

በሄድሽበት ቁመት ኩታ አሠራሁልሽ፣
አድገሽ ከሆነማ ማን ይቀጥልልሽ።

ኩታው እውነተኛ ኩታ ነው። እምዬ ራሷ ፈትላ፣ ሸማኔ ጋ ወስዳ፣ ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በሚሆን ልክ አሠርታዋለች። ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ሣጥን ውስጥ ሆኖ ጠርዙ ወደ ቡኒ ሄዷል። እምዬ ስታርፍ እናቴ ወረሰችው። በጥቅምት 2014 ደሴን ለቀን ወደ ደብረ ብርሃን ስንወጣ፣ ሁላችንም ወረቀትና ስልክ ስንፈልግ እናቴ ፌስታል ውስጥ የጨመረችው ያን ኩታ ነበር። ለአራት ዓመት ልጅ ትልቅ፣ ለአዋቂ አጭር፣ ለማንም የማይሆን ኩታ። «ምን ያደርግልሻል?» አላልናትም። ስንመለስም ይዛው ተመለሰች፣ ቦታውም ገባ።

ዛሬ ጠዋት እንግዲህ አንድ ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ። አምስት የሰፈር ልጆች ናቸው፣ እንግጫና አደይ አበባ ይዘዋል። ሁለቱ ሒጃብ ለብሰዋል፣ ሦስቱ የአበሻ ቀሚስ፣ አንዷ በቀሚሱ ላይ የትምህርት ቤት ሹራብ ደርባለች፤ የደሴ ብርድ በዓል አያውቅም። አውጪዋ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ፣ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቴ ድፎ ዳቦ ልትቆርስ ቢላዋ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

ልጅቷ ጀመረች። አበባየሁሽ አለች፣ ጓደኞቿ ለምለም አሉ። ሁለቴ ሦስቴ እንዲሁ ሄደ። ከዚያ አንዷ አንዷን ገፋቻት መሰለኝ፣ አራቱም በሳቅ ተያዙ። አውጪዋ አልሳቀችም። ኮስተር ብላ የራሷን ስንኝ ጨረሰችና ዝም አለች። የሚመልስላት የለም። ጓደኞቿ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይንፈቀፈቃሉ፣ እሷ አንገቷን አቅንታ ትጠብቃለች።

«ለምለም» አለች እናቴ።

ድምፁ የእሷ አልመሰለኝም። ቀጭን ነው፣ የልጅ ነው። ዞር ብዬ ሳያት እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ቢላዋውን ስለያዘች አልጠረገችውም። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፣ ትንሽ ግራ ገባት፣ ከዚያ በዚያ ጥርስ በሌለው አፏ ፈገግ አለችና ቀጠለች። እናቴም መለሰች። ሌሎቹ ሳቃቸውን ጨርሰው ሲገቡበት እንኳ የእናቴ ለምለም ከሁሉም ትንሽ ቀድሞ ይወጣ ነበር፤ ሌላ ተቀባይ እንደሌለ፣ እሷ ካላለች ዘፈኑ እንደሚቆም።

ሲጨርሱ መቶ ብር ሰጠቻቸው፣ ከድፎው ትልቅ ትልቅ አድርጋ ቆረሰችላቸው።

«ነገም ኑ» አለቻቸው።

«ነገ እኮ በዓሉ ያልፋል እማማ» አለች አውጪዋ።

«ቢያልፍም ኑ።»