ያልተፈታው ጆንያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ ችግረኛ ሕሙማንን በሚረዳ አንድ ድርጅት እሠራ ነበር። ሥራዬ ቤት ለቤት መዞር ነው። ማን ታመመ፣ ማን ምን አጣ፣ የሰጠነው ደረሰ ወይስ አልደረሰም፣ እሱን መዝግቤ እመለሳለሁ።

ክረምት ነበር። የደሴ ክረምት ደግሞ ከባድ ነው፤ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም እስከ ረፋድ መንገዱን አይለቅም። አንድ ጠዋት የጤና ጣቢያው የቲቢ ክፍል ነርስ ደወለችልኝ። «ያቺ የሮቢት ሰፈሯ እናት አራት ቀን ቀሩብኝ» አለች።

እናትየዋን አውቃቸዋለሁ። ሰው ቤት ልብስ እያጠቡ፣ እንጀራ እየጋገሩ ሁለት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ትልቁ ልጅ ኮምቦልቻ ወርዶ የቀን ሥራ ይሠራል። ቤት ያለችው ትንሿ ናት፤ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ሳሉ ሲጠናባቸው ሥራው ቀረ። ቲቢ መሆኑ ታወቀና ሕክምና ጀመሩ።

የቲቢ መድኃኒት በአገራችን በነጻ ነው የሚሰጠው። 6 ወር ይወሰዳል። የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ከበድ ይላሉ። አራት ዓይነት መድኃኒት በአንድ ክኒን ተቀላቅሎ ይሰጣል፤ ታማሚው በየቀኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነርሷ እያየች ይውጠዋል። መጠኑ በክብደት ነው። እሳቸው 41 ኪሎ ነበሩ፤ በቀን 3 ፍሬ ይደርሳቸዋል። ማቋረጥ አደገኛ ነው። ተህዋሲው መድኃኒቱን ከተለማመደ ነገሩ ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሚያስኬድ፣ ከባድና አድካሚ ሕክምና ይሆናል።

እና ተቆጥቼ ነው የሄድኩት። አልደብቅም። ከሦስት ሳምንት በፊት 50 ኪሎ ስንዴና ዘይት ሰጥተናቸዋል። «ተረክበዋል» ብዬ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። መድኃኒቱ በነጻ፣ እህሉ ቤት ድረስ፤ ታዲያ ምን ሆነው ይቀራሉ?

ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። መስኮቷ ለብርዱ በጨርቅ ተወትፋለች። ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። ልጅቷ እሳት የሌለው የከሰል ማንደጃ አጠገብ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ለምን ቀሩ? ማቋረጥ እንደሌለብዎት ተነግሮዎት የለም?» ብዬ ጀመርኩ። ብዙ ተናገርኩ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ መድኃኒቱ ምግብ ይላል። በባዶ ሆዴ ስውጠው መንገድ ላይ ያስመልሰኛል። ምን ሰጥቼ ላባብለው?»

«ስንዴውስ?» አልኳቸው።

በአገጫቸው ወደ ጥግ አመለከቱኝ። ጆንያው ቆሟል። ስፌቱ አልተፈታም። አንድ ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በጨርቅ ተደፍናለች። ልጅቷ በዚያች ቀዳዳ እፍኝ እፍኝ እያወጣች ቆሎ ትቆላ ነበር። ከዚያ ከሰሉ አለቀ። እናትየዋ ደግሞ አፋቸው ቆስሏል፤ ቆሎ አይሆንላቸውም።

እኔ ስንዴ ስሰጥ ምግብ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ስንዴ ግን እስኪበላ ድረስ ሥራ ነው። ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በክረምት ደግሞ የት ይሰጣል? ጆንያውን ዳገቱን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት የሚያደርስ ጉልበት ያስፈልጋል። የወፍጮ ብር ያስፈልጋል። ከተፈጨ በኋላ ማቡካቱ አለ፣ መጋገሩ አለ፣ ከሰሉ አለ። ይህን ሁሉ ድሮ ለሰው ቤት የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። አሁን ከአልጋ መነሳት አቅቷቸዋል። የታመመችው የቤቱ ጉልበት መሆኗን ቅጻችን አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም።

«ታዲያ ትንሽ ሸጠው ከሰልና የወፍጮ ብር ለምን አላደረጉትም?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «እንዴ! የእርዳታ እህል መሸጥ ክልክል ነው ብለሽ ያነበብሽልኝ አንቺ አይደለሽም? አውራ ጣቴን ያስነካሽኝስ?»

እውነት ነው። እኔ ነኝ። ያን ወረቀት በየወሩ አነብ ነበር። እሳቸው ቃላቸውን ጠብቀው፣ ጆንያ ስንዴ አጠገባቸው ቆሞ፣ ተርበው ተኝተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ቤተሰብ በቲቢ ምክንያት ያወጣውና ያጣው ገንዘብ ከዓመት ገቢው 20 በመቶ ካለፈ አቅም የሚያናጋ ጉዳት ብሎ ይቆጥረዋል። በዓለም ላይ ግማሽ ያህሉ የቲቢ ታማሚ ቤተሰብ እዚህ ውስጥ ይገባል። የቀረው የቀን ገቢ ሁሉ ይቆጠራል። «ነጻ ሕክምና» የሚለው ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀላሉ ከአፌ አይወጣም።

ወጥቼ ጎረቤት ጠየቅኩ። ወሎ ውስጥ እድሩን ቅሬ ነው የምንለው። የቅሬው ሴቶች ጉዳዩን ያውቃሉ፤ ግን በሽታውን ፈርተው ርቀዋል። ልፈርድባቸው አልቻልኩም፤ እነሱም ልጆች አሏቸው። ለነርሷ ነገርኳት። እሁድ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ መጣችልኝ። ቲቢ በአየር እንጂ በሳህንና በልብስ እንደማይተላለፍ ነገረቻቸው። መድኃኒቱ በትክክል ከተወሰደ በአብዛኛው ሁለት ሳምንት አካባቢ ሲሆን የማስተላለፍ አቅሙ በጣም እንደሚቀንስም አስረዳች። ከዚያ ቤቱ ገብታ የመስኮቱን ጨርቅ በእጇ ነቅላ ጣለችው። አየር ይግባ አለች።

አንዲት ጠና ያሉ ሴት ተነሱ። «ቅሬ ለሞተ ብቻ ነው እንዴ?» አሉና ጆንያውን የሚሸከም ጎረምሳ ጠሩ።

በማግስቱ ጠዋት ሴትየዋ ትኩስ የስንዴ አጥሚት ጠጥተው ጤና ጣቢያ ሄዱ። አንዲት ጎረቤት ደግፋቸው ነበር። እኔ ስጨነቅ አይተው «አብሽሪ» አሉኝ። እሳቸው እኔን።

ቢሮ ገብቼ የወፍጮና የከሰል ብር ጠየቅኩ። በጀቱ የእህል ነው፣ ሌላ አይነካም ተባልኩ። ይህ አሁንም ያበሳጨኛል። ሁለት ወር ተከራክረን ግማሹ በዱቄት እንዲሰጥ ተፈቀደ። ቅጹ ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «ቤት ውስጥ ማን ያበስላል?» የሚል። ሕክምናቸውን ሲጨርሱ ሚዛኑ ላይ 47 ኪሎ ሆኑ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የዚያ ወር ስም ዝርዝር ነበር። 32 ቤት። ሁሉም ላይ «ተረክቧል» የሚል የእጄ ጽሑፍ አለ። እንደገና ዞርኩ። አብዛኞቹ ጉልበት ያለው ዘመድ አላቸው፤ አስፈጭተው በልተውታል። አራት ቤት ግን ጆንያው እንደቆመ አገኘሁት። አንደኛው ዓይናቸው የማያይና ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ቤት ነበር። ከዝርዝሩ የመጨረሻው፣ ሰኞ ገበያ በኩል ያለው ቤት፣ በሩ ተቆልፏል። ጎረቤት ጠየቅኩ። አባትየው ሲብስባቸው ኪራዩን መክፈል አቅቷቸው ቤተሰቡ ወደ ገጠር ተመልሷል አሉኝ። ስንዴውን ለኪራይ ዕዳ ለአከራዩ ትተውለት ነው የሄዱት።