ናስ ለጓደኛው የጻፈው

እሁድ ምሳ ላይ ስለ አሜሪካዊው ራፐር ናስ ተከራከርን። ነገሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ቡናው እስኪፈላ ብዬ የመጀመሪያ አልበሙን «ኢልማቲክ»ን ከፈትኩት። የአክስቴ ልጅ ሦስተኛው ዘፈን ሳያልቅ «ይሄ እኮ አያስጨፍርም» አለች። 19 ዓመቷ ነው። የሰፈሬ ልጅ፣ የድሮ ጓደኛዬ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የራፕ አልበም አልተሠራም ብሎ ድርቅ አለ። የሂፕሆፕ መጽሔቱ «ዘ ሶርስ» አምስት ማይክ፣ ማለትም ከፍተኛውን ነጥብ ሰጥቶታል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ ይላታል። እሷ ደግሞ አስር ትራክ ብቻ፣ ያውም አንዱ መግቢያ፣ አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም ትላለች።

እኔ በማጠሩ ነው የወደድኩት። ጠዋት ከአያት ወደ ሜክሲኮ ስሄድ ከፍቼው ታክሲው ሳይደርስ ያልቃል፣ የምዘለው ዘፈን ደግሞ የለም። ዲጄ ፕሪሚየር፣ ፒት ሮክ፣ ኪው ቲፕ፣ ላርጅ ፕሮፌሰር፣ ኤል ኢ ኤስ፣ እነዚህ ሁሉ ለአንድ የ20 ዓመት የኒው ዮርክ፣ የኩዊንስብሪጅ ሰፈር ልጅ ቢት (ሙዚቃውን) ሠርተው አልበሙ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1994 ሲወጣ የአንድ ሰው እጅ ያለበት ነው የሚመስለው። ከራፐሩ ኤ ዚ ጋር በሚዘፍነው ዘፈን መጨረሻ ላይ ኮርኔት የሚነፋው የገዛ አባቱ ኦሉ ዳራ ነው። ይህን ሳላውቅም እዚያ ጋ ስደርስ ድምፁን ከፍ አደርግ ነበር።

ለአክስቴ ልጅ ብዬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ከሬጌ ዘፋኙ ዳሚያን ማርሊ ጋር የሠራውን አልበም የመጀመሪያ ዘፈን ከፈትኩላት። «እንዴ፣ ይሄ ሙላቱ አይደል?» ብላ ስልኬን ቀማችኝ። አዎ፣ የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። ከዚያ በኋላ ትንሽ ታገሰችኝ።

ግን ለሁለቱም ያልነገርኳቸው ነገር አለ። እኔን የያዘኝ ማይኩም ቤት አመታቱም አይደለም፣ «ኢልማቲክ» ላይ ያለው «ዋን ላቭ» የሚለው ዘፈን ነው። እስር ቤት ላለ ጓደኛው የሚጽፈው ደብዳቤ ነው። ልጅ ተወልዶልሃል፣ አንተን ይመስላል አሉ ይለዋል። ፍቅረኛህ ለምን አትጽፍልህም ይለዋል። ከዚያ የሰፈሩን ወሬ፣ ማን ከማን ጋር እንደገጠመ፣ ማን እንደተተኮሰበት፣ አንድም ሳያለባብስ ይዘረግፍለታል። መጨረሻ ላይ ክራክ የሚባለውን አደንዛዥ ዕፅ ከሚሸጥ የ12 ዓመት ልጅ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያወራል። ልጁን አይሰድበውም። እንደ ታላቅ ወንድም ይመክረዋል።

ወንድሜ ሪያድ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። በየሳምንቱ የድምፅ መልእክት እልክለታለሁ፣ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ ሁሉ ሰላም፣ እማዬ ደህና ናት፣ አንተ ብቻ ራስህን ጠብቅ። እንዳይጨነቅ ብዬ ነው። ናስ ግን ያንን ጓደኛውን ከሰፈሩ አላወጣውም። እዚያ ውስጥ ተቆልፎበት እንኳ የሰፈር ሰው አድርጎ ነው የሚያወራው፣ እኔ ደግሞ የገዛ ወንድሜን እንደ እንግዳ «ደህና ነን» እያልኩ ስሸኘው ከረምኩ። ይሄ ነው ያንን ዘፈን በሰማሁ ቁጥር ሆዴን የሚበላኝ።

ትናንት ማታ ሁሉም ከተኙ በኋላ በረንዳ ወጥቼ ቀዳሁለት። የእማዬ ግፊት ሁለቴ ከፍ ብሎ ሐኪም ቤት እንዳደረች ነገርኩት። ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ታጥሮ ቆርቆሮ እንደቆመበት፣ የጎረቤታችን ልጅ መጠጥ ላይ እንደወደቀ፣ እሱ የተከለው ኮክ ዘንድሮ እንዳፈራም ጭምር። ሰባት ደቂቃ ሆነ። ሁለቴ ላጠፋው ነበር።

ጠዋት ሰምቶታል። «ኮኩን ፎቶ አንሳልኝ፣ እማዬን ደግሞ ማታ አገናኘኝ» ብሎ ጽፏል።