ፔሪ 65 ጊዜ አቁሟል፤ ለእኛ አረቄ ጠጪዎች ምን ይነግራል?

«ፍሬንድስ» በተባለው የአሜሪካ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ላይ ቻንድለርን ሆኖ ዓለምን ያሳቀው ማቲው ፔሪ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ከሳቁ ጀርባ የነበረውን በቁጥር ያስቀምጠዋል፦ መጠጥ በ14 ዓመቱ፣ በአንድ ወቅት በቀን 55 የሕመም ማስታገሻ ክኒን፣ 15 ጊዜ ማገገሚያ፣ 65 ጊዜ ሰውነትን ከሱስ ማጽዳት። ድራማውን ስታዩ ክብደቴን ተከታተሉ ይላል፤ ሲወፍር መጠጥ፣ ሲከሳ ክኒን ነበር።

ለደምበጫና ለቡሬ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ያ 65 ነው። ማቆም አንድ ሥራ፣ አቁሞ መሰንበት ሌላ ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ሁለቱም በአንድ ግዝት ይጠቃለላሉ፤ ሰውየው በነፍስ አባቱ ፊት ይገዘትና በማግስቱ ጠበል ይወርዳል። ለቀላል ጠጪ ምንም አይደል። አንጎበር ለመስበር ጠዋት አረቄ የሚጠጣ፣ ሳይጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም እንደሚጥል በሽታ አንዘፍዝፎ የጣለው ሰው ግን በድንገት ማቆም ሊገድለው ይችላል።

ምክንያቱም አልኮል አንጎልን ያፈዛል፤ ለዓመታት ሲጠጣ አንጎልም ያንን ለመቋቋም ራሱን እያነቃ ይለምዳል። መጠጡ ሲቀር ንቃቱ ብቻውን ይቀራል። ከመጨረሻዋ መለኪያ በኋላ በ6 ሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማስመለስ ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ድረስ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ይመጣል። ጠበል ቦታ «ጋኔኑ ጮኸ» የሚባለው አንዳንዴ ይኸው ነው። ጠበሉ ጥፋት የለበትም፤ እነዚያን አራት ቀናት ሐኪም ጋ አሳልፎ ቢወርድ ማን ይከለክለዋል?

እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም እስኪያየው ድረስ መጠጡን በአንዴ አያቋርጥ። ሆስፒታል ሲደርስ ስንት መለኪያ እንደሚጠጣና መቼ እንዳቆመ ሳይደብቅ ይናገር። ብዙ ጊዜ ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት ተሰጥቶት በቀናት ውስጥ መጠኑ ይቀነስለታል። ቤተሰብ ቶሎ «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ይላል፤ ሳይበላ ለሚጠጣ ሰው ግን ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1 መቅደም አለበት። ያለ እሱ ግሉኮስ ብቻውን ዓይንን፣ አካሄድንና ትውስታን ሊጎዳ ይችላል። ባዶ ሆድ የሚቆይ ጠበልተኛም በዚህ በኩል ይጎዳል። ቤት ከጣለው በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ፣ ክብሪትም አታሽትቱት።

የፔሪ ክኒን ዘመድ እኛ ዘንድ ትራማዶል ነው። ለአዋቂ የቀን ጣሪያው 400 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 50ው ስምንት ፍሬ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ እንደሚጥል በሽታ አንዘፍዝፎ ሊጥል ይችላል፣ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማል። ይህ የመድኃኒት ዘር አንጀትንም ያሰንፋል። የፔሪ ትልቁ አንጀት በ2018 የፈነዳው በዚሁ ሰበብ ነው፤ ሁለት ሳምንት ራሱን ሳያውቅ ተኝቷል፣ ዘጠኝ ወር ሰገራው በከረጢት ወጥቷል። ትራማዶልን የለመደ ሰው በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ይቀንስ። ለወራት አቁሞ ወደ ድሮው መጠን መመለስ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሰውነቱ ያንን መሸከም ረስቷል።

ጽዳት ሲደጋገም አይቀልም፤ ከአልኮል የሚደረግ እያንዳንዱ ድንገተኛ ማቆም ቀጣዩን ሊያከብደው ይችላል። ፔሪ ገንዘብ አላነሰውም፤ መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ ጥቅምት 2023፣ በ54 ዓመቱ የሞተው ኬታሚን በሚባል ማደንዘዣ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ቀጠሮ ይፈልጋል፦ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል መመላለስ፣ ድብርት ካለ እሱንም ማከም። ሰውየውን ወደ መጠጥ የሚመልሰው ግን ብዙውን ጊዜ የወሩ ጽዋ ነው፤ «በሞቴ፣ አንድ ዋንጫ» ሲባል እምቢ ማለት ነውር ይመስላል። ሚስት ወይም ወንድም ለአጋፋሪው ቀድሞ ይንገር፤ ብርዝ ይቀርብለት፣ ከጋኑ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ጸሎቱ እንዳለቀም የሚሸኘው ሰው ይኑር።